የታመመው ልጅ ምሳ

ቦታው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ወደ ላፍቶ በኩል ያለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ወሩ ኅዳር፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ክፍሉ ሁሉ ሳል በሳል ሆኗል። የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዕድሜያቸውን በማስተማር አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉና የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረትን በሰብሳቢነት የሚመሩ አባት ናቸው፤ ግቢው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ሁለተኛዋ ወረዳው የመደባት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ ነርስ ስለሆነች «ሲስተር» ትባላለች። ስማቸው አልተጻፈም፤ እንዲህ ያሉ ጋሼዎችና ሲስተሮች በየትምህርት ቤቱ አሉና።

ጋሼ፦ ደህና አደርሽ ሲስተር? ዛሬ አራተኛ ክፍል ገብቼ ነበር። መምህሯ ስም ስትጠራ ከአንድ ወንበር ሦስቱም ልጆች ቀሪ ናቸው። ከኋላቸው ያሉት መጥተዋል፤ ግን አንደኛዋ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ተኝታለች። ግንባሯን ብነካው እሳት ነው። «እንዲህ ሆነሽ ለምን መጣሽ?» ብላት ዝም አለችኝ።

ሲስተር፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ ደህና አደሩ? ልጅቷን አይቻታለሁ። እናቷ ጋ ደወልኩ። ሳሪስ አካባቢ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው የምትውለው፣ የቀን ሠራተኛ ናት። «ጥዬ ከወጣሁ የዛሬው አይከፈለኝም» አለችኝ። ኋላ ጎረቤት ልካ ወሰደቻት።

ጋሼ፦ ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለ። እናቶቹን አጥብቄ ነው የምቆጣቸው። ያመመውን ልጅ እየላኩ ጤነኛውን ያስይዙታል። እንዲህ ከሚቀጥል ትምህርት ቤቱ ለአንድ ሳምንት ቢዘጋ ይሻላል።

ሲስተር፦ መዝጋቱንማ አየነው እኮ ጋሼ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ፤ መጋቢት 7 በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ዋለ። እንደገና መከፈት የተጀመረው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ በሽታው አዲስ ነበር፣ ክትባትም አልነበረውም፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም እንበል። ጉንፋንና ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ቶንሲል ግን በየዓመቱ የሚመጡ ናቸው። በመጡ ቁጥር እንዝጋ ካልን መቼ ልናስተምር ነው?

ጋሼ፦ እውነትሽን ነው። የልጅ ልጄ በዚያ ሰባት ወር ማንበብ ረስታ ነው የተመለሰችው። ደግሞ ሲከፈት እንዴት ያለ ሥርዓት ነበር! ልጆቹ በፈረቃ ይገባሉ፣ ተራርቀው ይቀመጣሉ፣ ሁሉም ማስክ አድርጓል፣ በር ላይ ውሃና ሳሙና አለ። ያ ሁሉ የት ገባ?

ሲስተር፦ ጉዳዩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ያን ጊዜ የፈራነው ኮሮናን ነበር፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ሳሙናውም አብሮ ተነሣ። እናቶቹን ከመቆጣትዎ በፊት አንዴ ወደ ሮቶው ይምጡልኝ። ልጆቹ ለምሳ ሊለቀቁ ነው።

ጋሼ፦ እንሂድ።

ሲስተር፦ ይኸው፣ አምስት ቧንቧ አለው። ሁለቱ መክፈቻቸው ወልቋል። ይኼኛው ያንጠባጥባል እንጂ አይወርድም። የሚሠሩት ሁለት ናቸው፤ ከፊታቸው የሚሰለፈውን ልጅ እርስዎ ያውቁታል። አሁን ይኼን ቀይ ሹራብ የለበሰውን ልብ ብለው ይዩት። ሁለት ጣቱን አረጠበ፣ ሱሪው ላይ ጠረገው፣ ሮጠ። ከአሁን በኋላ በዚያው እጁ እንጀራ ሊጎርስ ነው። ጠዋት አፍንጫውን የጠረገበት፣ ከጓደኛው እርሳስ የተቀበለበት እጅ ነው።

ጋሼ፦ ሳሙና የለም?

ሲስተር፦ ሲቀመጥ በማግስቱ አይገኝም። ልጁ ቤቱ ሳሙና ከሌለ ይዞት ይሄዳል፤ ሌባ ልንለው አይገባም። ለዚህ መላ አለው። ባዶ የሃይላንድ ላስቲክ ይወሰዳል፤ ሊትር ተኩል ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ማንኪያ ኦሞ ተጨምሮ ይበጠበጣል፤ ክዳኑ በጋለ ምስማር ይበሳል፤ ከዚያ ቧንቧው ጎን በገመድ ይታሰራል። ልጁ ጫን ሲያደርገው ጠብ ይልለታል። ማንም ኪሱ ከትቶ አይወስደውም፤ ዋጋውም ከደረቅ ሳሙና ያንሳል። የጤና ክበብ ልጆች በየጠዋቱ ሊሞሉት ይችላሉ።

ጋሼ፦ ኦሞ ጀርም ይገድላል እንዴ? እነዚያ በቴሌቪዥን የሚተዋወቁት ፀረ ባክቴሪያ የሚባሉት አይሻሉም?

ሲስተር፦ አይሻሉም። ፓኪስታን ካራቺ ውስጥ በድሃ ሰፈሮች ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ለአንዳንዱ ቤት ተራ ሳሙና፣ ለአንዳንዱ ፀረ ባክቴሪያ ሳሙና ተሰጠ፣ ሌላው እንደ ቀድሞው ቀጠለ። እጅ መታጠብን ያስለመዱት ቤቶች ልጆቻቸው ከተቅማጥና ከሳንባ ምች በግማሽ ያህል ዳኑ፤ በሁለቱ ሳሙናዎች መካከል ግን ልዩነት አልተገኘም። ሥራውን የሚሠሩት ማሸቱና ማለቅለቁ ናቸው። በትምህርት ቤት ደግሞ ግብፆች ሞክረውታል። በፈረንጆች 2008 ካይሮ ውስጥ 60 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመረጡ፤ ግማሾቹ ተማሪው በቀን ሁለት ጊዜ በሳሙና እንዲታጠብ ግዴታ አደረጉ። በጉንፋን መሰል ሕመም መቅረት በ40 በመቶ፣ በተቅማጥ መቅረት በ30 በመቶ፣ በዓይን መቅላት መቅረት በ67 በመቶ ቀነሰ። በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ኢንፍሉዌንዛም በግማሽ ወረደ። መድኃኒት አልተገዛም፣ ማሽን አልገባም። መምህሩ ልጆቹን አሰልፎ አስታጠበ፣ በቃ።

ጋሼ፦ ግዴታ አደረጉ ነው ያልሽው?

ሲስተር፦ አዎ፣ በፕሮግራም። እኛ በሰልፍ ሰዓት «እጃችሁን ታጠቡ» እያልን እንናገራለን፤ ሚኒ ሚዲያውም ያነበዋል፤ ጥቅምት 5 የእጅ መታጠብ ቀን ሲደርስ መፈክር እንሰቅላለን። ልጁ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ይጠይቁት፣ አምስቱን የመታጠቢያ ጊዜ ይዘረዝርልዎታል። የጎደለው ከምሳ በፊት ዐሥር ደቂቃ፣ የሚወርድ ቧንቧና አጠገቡ የሚቆም መምህር ነው።

ጋሼ፦ ውሃውስ? በፈረቃ እኮ ነው የሚመጣው።

ሲስተር፦ ያውም ሌሊት። ዘበኛው ነቅተው ሮቶውን ካልሞሉት ጠዋት ባዶ ነው። እኚህን ሰው ማንም አመስግኗቸው አያውቅም፤ የግቢውን ጤና ግማሹን የያዙት ግን እሳቸው ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አተት፣ ያ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ አዲስ አበባ ሲገባ ያስታውሳሉ? ያን ጊዜ ስንዞር ያየነው፣ ውሃ የሚቋረጥበት ሰፈር ሁልጊዜ ይበልጥ እንደሚጎዳ ነው።

ጋሼ፦ ይኼን ቧንቧ ማሠራት ለእኛ ኅብረት ቀላል ነው። መክፈቻ ስንት ብር ነው! እኔ ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሳሉ ነው። እጅ ቢታጠቡ ሳል ይቀራል?

ሲስተር፦ ሁሉም አይቀርም። አንዳንዱ በአየር ነው የሚሄደው። አሁን ያዩትን ክፍል ያስቡት፤ ስልሳ ልጅ፣ በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱም ተዘግቷል። አንዱ ሲያስል ሁሉም ይስበዋል። መስኮት ክፈቱ ስል መምህራኑ ራሳቸው «ልጆቹን ብርድ ይመታቸዋል» ይሉኛል።

ጋሼ፦ እኔም ብሆን እል ነበር። ኅዳር ላይ በጠዋት መስኮት ከፍተሽ ሕፃን ታስቀምጫለሽ?

ሲስተር፦ በጠዋት አላልኩም። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይከፈት፤ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ውጪ ሲሆኑ ደግሞ በሩም መስኮቱም ግጥም ብሎ ይከፈትና ክፍሉ ይተንፍስ። አንዱ ወገን ብቻ ሳይሆን ሁለቱም ወገን፤ ንፋሱ በዚህ ገብቶ በዚያ እንዲወጣ። የኩፍኝ ቫይረስ የታመመው ልጅ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። የሳንባ ነቀርሳም የሚወደው የታፈነ ክፍል ነው።

ጋሼ፦ ኅዳር ስትይ አያቴ ትዝ አለችኝ። የኅዳር በሽታን በልጅነቷ አይታለች። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባ ደርሶ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ቀባሪ ጠፋ። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እየሰበሰበ የሚያቃጥለው ለዚያ መታሰቢያ ነው።

ሲስተር፦ መታሰቢያው ይቆይ፤ ጭሱ ግን ይቅር። ላስቲክ የተቃጠለበት ጭስ አስም ያለበትን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፍነው ያድራል፤ በማግስቱ እኔ ጋ የሚመጡት እነሱ ናቸው። ጠርገው ለቆሻሻ መኪና ቢሰጡት ኅዳርን በደንብ አስበውታል።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ። አሁን እነዚያ ሦስቱን ቀሪዎች ልጠይቅሽ። አንዱ ኩፍኝ ነው እየተባለ ይወራል።

ሲስተር፦ ገና አልተረጋገጠም፤ ቤታቸው ሄጄ አያለሁ። ግን መምህሯ ስም ስትጠራ «ከአንድ ወንበር ሦስት ልጅ ቀረ» ብላ ወዲያው ነገረችኝ፤ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። የስም መጥሪያው ደብተር እኔ ካለኝ መሣሪያ ሁሉ ይቀድማል። ላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል፤ መምህሩ ግን በአንድ ጠዋት ያውቃል። ብዙ ጊዜ ደብተሩ ላይ «ቀ» ተጽፎ ያልቃል፤ ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ትኩሳትና ሽፍታ ያለው ልጅ ከተሰማ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያ መነገር አለበት፤ ማንም ወላጅ ደግሞ ለኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ8335 በነፃ መደወል ይችላል።

ጋሼ፦ ኩፍኝ እኮ ክትባት አለው። እነዚህ ልጆች አልተከተቡም?

ሲስተር፦ አብዛኞቹ ተከትበዋል። ግን የሚሰላ ነገር አለ። በአገራችን የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወር ነው የሚሰጠው፤ በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው አንዱ ብቻውን ከመቶ ሰማንያ አምስት ያህሉን ልጅ ነው የሚጠብቀው። ሁለተኛው ከመጨመሩ በፊት 15 ወር ያለፋቸው ትልልቆቹ ደግሞ በዘመቻ ካላገኙ በቀር ሁለተኛውን አልወሰዱም። ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ተከትበዋል ብንል እንኳ ዘጠኙ ያህል ለኩፍኝ በር ክፍት ነው። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ደግሞ መከላከያ በሌለበት ሰፈር ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል።

ጋሼ፦ ስለዚህ ዘመቻ ሲመጣ «ልጄ ተከትቧል» ብሎ ማስቀረት ስሕተት ነው።

ሲስተር፦ ስሕተት ነው። ደግሞ መከተቡ ጉዳት የለውም። በምዝገባ ጊዜ የልደት ካርድ እንደሚጠየቀው የክትባት ካርድም ይጠየቅ። ካርድ የለኝም ያለ ይመዝገብ እንጂ አይመለስ፤ ስሙ ይሰጠኝና እኔ ጋ ይምጣ።

ጋሼ፦ እኛ ባደግንበት አገር ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መርፌ አይወጋም፣ ከቤትም አይወጣም ነበር። ጨለም ያለ ክፍል ይተኛል፣ ቡና ይፈላለታል፣ እንግዳ አይገባበትም።

ሲስተር፦ አሁንም ብዙ ቤት አለ። እኔ ስሄድ ሁሉንም አላጣጥልም፤ ገለል ማድረጋቸው ትክክል ነው፣ ሽፍታው ከወጣ አራት ቀን እስኪሞላው ልጁ ከሰው መቀላቀል የለበትም። ጉዳቱ ሕክምና መከልከላቸው ነው። ኩፍኝ ዓይን ያጠፋል፣ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ጤና ጣቢያ ከመጣ ቫይታሚን ኤ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ዓይኑንም ነፍሱንም የሚያተርፍ ነገር ነው። አያት ከሆኑ ሰው አፍ ሲወጣ ይሰማልና እርስዎ ይንገሩልኝ።

ጋሼ፦ እነግራለሁ። የእኔዋን ልጅ ግን ያስቸገራት ቶንሲል ነው። በወር አንዴ ይነሣባታል። ሰፈር ውስጥ «እንጥሏን አስቆርጣት» የሚሉኝ አሉ።

ሲስተር፦ እንዳያደርጉት! ደም ይፈሳታል፣ ምላጩም ሌላ በሽታ ያመጣል፤ ቶንሲሉንም አያድነውም። ጋሼ፣ ቶንሲል ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምፈራው እሱን ነው። ከጉሮሮ ሕመሙ የተወሰነው በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ያ ባክቴሪያ ካልታከመ ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነት በራሱ ላይ ይነሣና መገጣጠሚያ ያብጣል፣ የልብ ክዳን ይቆስላል። የሚይዘውም በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን፣ ልክ እነዚህን ልጆች ነው። ተጨናንቆ መቀመጥና መተኛት ደግሞ ያባብሰዋል።

ጋሼ፦ ልብ ድረስ?

ሲስተር፦ ልብ ድረስ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ማዕከል ያውቁታል፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ብለው የጀመሩት ነው፣ ሕዝቡ አንድ አንድ ብር እያዋጣ የደገፈው። እዚያ ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆች ብዙዎቹ በቶንሲል የጀመረ ሕመም ነው ያለባቸው። ቀዶ ሕክምናው ውድ ነው፣ ወረፋው ዓመታት ይወስዳል። መከላከያው ግን ፔኒሲሊን ነው፤ ጉሮሮ ከታመመ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከተጀመረ ልቡን ያድነዋል። አንድ መርፌ ይበቃል፤ ኪኒን ከሆነ ደግሞ ዐሥር ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ መዋጥ አለበት። በሦስተኛው ቀን ተሻላት ብለው አቋርጠው የቀረውን ለሚቀጥለው እንዳያስቀምጡ።

ጋሼ፦ እሱንስ አድርጌያለሁ። መቼ ነው ባክቴሪያ ነው የምለው?

ሲስተር፦ እርስዎ አይበሉ፤ ያሳዩዋት። ግን ቤት ውስጥ ሊያዩት የሚችሉት አለ። ፊቷን ወደ ብርሃን አድርገው የሻይ ማንኪያ በግልባጩ ምላሷ ላይ ጫን ያድርጉ፣ የስልክዎን መብራት ያብሩ። በሁለቱም በኩል ቶንሲሉ ቀልቶ አብጦ ነጭ ነጭ ነገር ካረፈበት፣ አንገቷ ሥር እጢ ካበጠና የሚያማት ከሆነ፣ ትኩሳት ካላትና ሳል ከሌላት፣ በዚያው ቀን ይምጡ። አፍንጫዋ እየፈሰሰ የምታስል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ነው፤ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ አይሠራም፣ ከፋርማሲ እየገዙ ባይሰጧት ይሻላል። ደግሞ ቶንሲል ያለበት ልጅ መድኃኒት ከጀመረ ከ24 ሰዓት በኋላ ሌላውን አያስይዝም፤ አንድ ቀን ቤት ቢውል በማግስቱ ከተሻለው ይመጣል።

ጋሼ፦ ይኸው ተመለስን፤ ቤት ይዋል። ታዲያ እናቶቹን አትቆጣ ትይኛለሽ!

ሲስተር፦ ዛሬ ጠዋት ያቺን ልጅ እኔም ጠይቄያት ነበር፤ ሰው ሲሄድ ነገረችኝ። ምን አለችኝ መሰለዎት? «ቁርስ እዚህ ነው የምበላው» አለችኝ።

ጋሼ፦ እ...

ሲስተር፦ ከተማዋ ምገባውን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ካስፋፋች ወዲህ ልጆቻችን ቁርስና ምሳ እዚህ ይበላሉ። በረሃብ ክፍል ውስጥ የሚወድቅ ልጅ ቀርቷል፤ እኔ በዚህ ግቢ ካየኋቸው መልካም ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው። ነገር ግን አንድ ያላሰብነው አለ። ልጅቷ ቤት ብትውል ቁርሷም ምሳዋም ቀረ። እናቷ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። ቤት ውስጥ ብቻዋን፣ ታማ፣ ሳትበላ። እናቷ አስባበት ነው የላከቻት ጋሼ። እዚህ ሰው አለ፣ ምግብ አለ፣ ሲብስባት የሚያይ አለ። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እልካት ነበር።

ጋሼ፦ እንግዲህ ሕመሙን የምናመጣው በምገባው ነው ልትዪ ነው?

ሲስተር፦ በጭራሽ። ምገባው ልጁን ተከትሎ ቤት ድረስ ይሂድ ነው የምለው። ልጁ በሕመም መቅረቱ ከታወቀ ድርሻው በምሳ ዕቃ ተደርጎ በወንድሙ፣ በእህቱ ወይም በጎረቤት ልጅ ይላክለት። ምግቡ እንደሆነ ለሱም ተቆጥሮ ነው የተሠራው፤ ሲቀር ለማንም አይተርፍም።

ጋሼ፦ ሰው ያበላሸዋል ሲስተር። «ልጄ ታሟል» እያለ ምሳ የሚያስወስድ ይበዛል። መጋቢ እናቶቹም ሥራ በዛብን ይላሉ።

ሲስተር፦ መጋቢ እናቶቹን ጠይቄያቸዋለሁ። «እኛም እናት ነን፣ ምሳ ዕቃው ይምጣልን እንጂ እንሞላለን» ነው ያሉኝ። አበላሹት ለሚሉት ደግሞ እኔ በሦስተኛው ቀን ቤቱ እሄዳለሁ፤ የእኔ ሥራ እኮ ቤት ለቤት መዞር ነው። በ2002 ዓ.ም. የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ነርሶች የተመደብነው ለቤተሰብና ለትምህርት ቤት ተብሎ ነው። ሁለት ሦስት ሰው አጭበርብሮ አንድ ምሳ ቢበላ፣ የበላው ያው የሰፈራችን ልጅ ነው። የታመመች ልጅ አንድ ክፍል ሙሉ ከምታስይዝ ይኼ ይሻላል።

ጋሼ፦ እሺ ይሁን። ትምህርቱስ? ቀሪ ይበዛባታል፣ ፈተና ያልፋታል። እኛ ደግሞ በዓመት መጨረሻ ላይ አንድም ቀን ያልቀረ ልጅ እንሸልማለን። እኔ ራሴ ነኝ ደብተርና እስክሪብቶ የማድለው።

ሲስተር፦ እሱን ሽልማት ይተዉልኝ ጋሼ። ልጅ ታሞ እንኳ እንዳይቀር የሚያስተምረው እሱ ነው። በሕመም የቀረ ልጅ ደብተሩ ላይ ከ«ቀ» የተለየ ምልክት ይደረግለት፣ «ወላጅ ይዘህ ና» ተብሎ በር ላይ አይመለስ። ያመለጠውን ፈተና ይፈተን። እናት ልጇን ቤት የምታውለው ቢቀር እንደማይጎዳ ስታውቅ ነው።

ጋሼ፦ ግን ሁሉም አፍንጫው የፈሰሰ ልጅ ይቅር ካልን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ባዶ ክፍል ነው የምናስተምረው።

ሲስተር፦ አፍንጫው ብቻ የሚፈስ፣ የሚጫወት፣ ትኩሳት የሌለው ልጅ ይምጣ፤ ሲያስል በክንዱ እጥፋት አፉን ይሸፍን። ቤት የሚውለው ትኩሳት ያለው ነው፤ ያለ መድኃኒት ትኩሳቱ ለቆት 24 ሰዓት እስኪሞላው። የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ደግሞ ከቆመለት በኋላ ሁለት ቀን። ጉድፍ የወጣበት ቁስሉ ሁሉ እስኪደርቅ። ዓይኑ ቀልቶ መግል የያዘ በባለሙያ እስኪታይ። እከክ ያለበት መድኃኒቱን ሌሊቱን ተቀብቶ ካደረ በማግስቱ መግባት ይችላል፤ ግን ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ካልተቀባ ይመለስበታል። ቅማል የተገኘበት ደግሞ ጭራሽ አይባረር፤ በቅማል ምክንያት ልጅን ሰው ፊት ማሳፈር ከበሽታው ይበልጥ ይጎዳል።

ጋሼ፦ ጻፊልኝ ይኼን፣ በአንድ ገጽ። ቅዳሜ አነባለሁ። አሁን የቀረኝ ጥያቄ የእናቲቱ ሥራ ነው። ምሳው ቢሄድላትም ልጅቷ ብቻዋን ናት።

ሲስተር፦ ለሱ እኔ መልስ የለኝም፤ እርስዎ ግን ሊኖርዎት ይችላል። እድር አላችሁ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወረፋ ወጥቶ ይታደራል። በአንድ ግቢ ከሚኖሩት መካከል ቤት የሚውል ሰው አይጠፋም፤ እናት በሌለችበት የታመመ ልጅ የሚያይ፣ ውሃ የሚያቀብል፣ ሲብስ የሚደውል። ለሞተ የሚደረገው ወረፋ ለታመመ ልጅ ቢወጣ አይከብድም። አሠሪዎችም ቢሆኑ ልጇ የታመመባትን እናት አንድ ቀን ቢታገሷት ምን ይሆናል? እርስዎ ቢናገሩ ይሰማሉ።

ጋሼ፦ እድሩ ላይ እኔ እናገራለሁ። ሊቀመንበሩ የድሮ ተማሪዬ ነው። ለሕንፃ ሥራ ኃላፊዎቹ ደግሞ በርእሰ መምህሩ ማኅተም ደብዳቤ እናጽፍላታለን፤ ሰሙም አልሰሙም መጻፉ አይቅር።

ሲስተር፦ እንዲህ ከሆነ ቅዳሜ ምን ይላሉ?

ጋሼ፦ መቆጣቱን ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ስለ ቧንቧው እናገራለሁ፤ ከኅብረቱ ሣጥን ሁለት መክፈቻና አንድ ቧንቧ እንዲገዛ አስወስናለሁ። ከምሳ በፊት ያሉት ዐሥር ደቂቃዎች በፕሮግራሙ ላይ እንዲገቡ ርእሰ መምህሩን እጠይቃለሁ። ምሳ ዕቃውን ግን በግልጽ አነሣለሁ፤ ወረዳው ካልፈቀደ ወረዳ ድረስ እንሄዳለን። የመገኘት ሽልማቱንም ዘንድሮ አልሰጥም።

ሲስተር፦ ሌላ አንድ ነገር ልለምንዎት። ስብሰባው ላይ የሚመጡት ጊዜ ያላቸው ወላጆች ናቸው። ያቺ እናት አትመጣም፤ ቅዳሜም ትሠራለች። ስለዚህ የሚወሰነው ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ ይጻፍና በልጆቹ እጅ ወደየቤቱ ይላክ። «ልጅሽ ቢታመም ቤት አውዪው፤ ምሳው ይመጣልሻል፣ ቀሪ አይባልም፣ ፈተናው አያልፈውም» የሚል ይሁን፤ ከሥር የእርስዎ ስምና የስልክ ቁጥሬ ይኑርበት። ይህን የምታነቡ የሌላ ትምህርት ቤት ወላጆችና መምህራንም ብትሆኑ፣ ነገ ጠዋት ስም ሲጠራ የቀረውን ልጅ ለምን ቀረ ብላችሁ ጠይቁልን፤ ምሳው እንዴት እንደሚደርሰውም አስቡበት።